«ታገሺ፣ እናስተካክለዋለን» ሲሉሽ ቀኑን ቁጠሪ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 12,000 ብር ነው። ከአምስት ወር በፊት ቆጠራ ተደርጎ ጉድለት ተገኘ ተባለ፤ በጽሑፍ የተሰጠኝ ነገር ግን የለም። ከሁለት ወር በፊት ቢሮ ጠርተውኝ ‹በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለሽ ፈርሚ፣ አለበለዚያ ፖሊስ እንጠራለን› አሉኝ። እምቢ አልኩ። በማግስቱ ጥበቃው እንዳላስገባሽ ታዝዣለሁ ብሎ በር ላይ መለሰኝ። የመጨረሻ ወር ደመወዜም ክሊራንስ ካልጨረስሽ ተብሎ ተይዟል። ባለቤቱ በደወልኩ ቁጥር ‹ታገሺ፣ እናስተካክለዋለን› ይለኛል። መክሰስ እችላለሁ? ሰው ሁሉ ገንዘብሽን ትጨርሻለሽ እንጂ አታሸንፊም ይለኛል።»

እህቴ፣ አዎ፣ መክሰስ ትችያለሽ። ነገሩ እንደጻፍሽው ከሆነ ጉዳይሽ ደካማ አይደለም። ግን ሌላውን ሁሉ ብትረሺው እንኳ ይህችን አንዷን ያዢልኝ፦ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ሁለት ወር አልፎሻል። የቀረሽ አንድ ወር እንኳ አይሞላም። ባለቤቱ «ታገሺ» የሚልሽ ከልቡ ይሁን ጊዜ ለመግዛት እኔ ልፈርድ አልችልም፤ አንቺ ስትታገሺ ግን ቀኑ አብሮሽ አይታገስም።

ስለ ይርጋው ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚያጣው ችሎት ቀርቦ ተረትቶ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተለያየ ጊዜ አስቀምጧል። ወደ ሥራ መመለስ ሦስት ወር። ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የመሳሰሉት መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ ስድስት ወር። ከውል መቋረጥ የሚመነጩ እንደ ካሳና የስንብት ክፍያ ያሉ ሌሎች ጥያቄዎችም ስድስት ወር። ስለዚህ ሦስቱ ወር ቢያልፍብሽ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት አይደለም፣ ገንዘቡን መጠየቅ ትችያለሽ፤ የምታጪው ትልቁን ካርድሽን ነው። ሥራው ባያጓጓሽም ካርዱ ይጠቅምሻል፣ ምክንያቱም አሠሪው ለድርድር ቁጭ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬዋ ተመልሳ ልትመጣብኝ ትችላለች ብሎ ሲያስብ ነው።

በስልክ መነጋገር፣ ሽማግሌ መላክ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ መወያየት፣ እነዚህ አንዳቸውም ይርጋውን አያቆሙትም። የሚያቋርጠው ክስ ማቅረብ ነው፣ ወይም አሠሪው መብትሽን በጽሑፍ ሲያምን ወይም ከዕዳው ከፊሉን ሲከፍልሽ ነው። በቴሌግራም «ገንዘብሽን እከፍልሻለሁ» ብሎ ጽፎልሽ ከሆነ እንዳታጠፊው። ስክሪንሹት አንሺ፣ ቀኑና ስልክ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገሽ አትሚው፣ ስልኩንም ሳትቀይሪ ያዢ። ግን በዚህች መልእክት ተማምነሽ እንዳትዘገዪ። እሷ መጠባበቂያ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ለምን ይመስልሻል «በፈቃዴ» ብለሽ እንድትፈርሚ የፈለጉት? በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ ካሳ የለውም፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም የለውም። የስንብት ክፍያም ቢሆን በገዛ ፈቃዱ ለሚለቅ ሰው የሚታሰበው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለ ነው። አንቺ አራት ዓመት ነው የሠራሽው። ያቺ አንድ ገጽ ወረቀት ከመቶ ሺህ ብር በላይ ታድናቸው ነበር፣ ሂሳቡን ወረድ ብዬ አሳይሻለሁ። አለመፈረምሽ ብልህነት ነው። ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም ልናገር፣ ፊርማችሁ ካረፈ በኋላ «አስገድደውኝ ነው» ማለት ይቻላል፣ ማስረዳቱ ግን ፍዳ ነው። ቢሮ ውስጥ የነበሩት እነሱና እናንተ ብቻ ናችሁ፣ እነሱም አይመሰክሩላችሁም። የግድ መፈረም ካለባችሁ ከስሙ ጎን «ስለደረሰኝ ብቻ፣ አልስማማም» ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉበት።

አሁን ድርጅቱ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ምን እንደሚል ልንገርሽ። አላሰናበትናትም ይላል። ራሷ ቀረች፣ ሥራ ጥላ ጠፋች። ደብዳቤ ያልሰጡሽም ለዚህ ነው። ሕጉ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ ውል ሲያቋርጥ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድደዋል፤ ከበር መመለስ ግን ፊርማም ማህተምም የለውም። ከሥራ መቅረት ለስንብት ምክንያት የሚሆነው ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ከሆነና ለዚህም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠሽ ከነበረ ነው። አንቺ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አልደረሰሽም። ይሄ መልካም ነው። ግን በመጀመሪያ መባረርሽን ማስረዳት አለብሽ፣ እዚህ ጋ ነው ሥራ ያለብሽ።

ዛሬውኑ አንድ ደብዳቤ ጻፊ። ረጅም አይሁን። በዚህ ቀን ጠዋት በዚህ ሰዓት ሥራ ለመግባት ስመጣ በጥበቃ ተከልክያለሁ፣ እስካሁንም የጽሑፍ ምክንያት አልተሰጠኝም፣ ያልተከፈለኝ ደመወዝ አለ፣ መልሳችሁን በጽሑፍ ስጡኝ። በቃ። ስድብ አያስፈልግም፣ የባለቤቱን ቤተሰብ ማንሳትም አያስፈልግም። ለመዝገብ ቤት አስገብተሽ ቅጂው ላይ አስፈርሚ። አንቀበልም ካሉሽ በፖስታ ቤት በአደራ ልከሽ ደረሰኙን ያዢ። ያንን የጠዋት ቀን ለይተሽ አስታውሺው፤ የሦስት ወሩ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ነውና አሻሚ ከሆነብሽ ቀደም ያለውን ቀን ይዘሽ ቁጠሪ።

ምስክር ያስፈልግሻል። ጥበቃው ራሱ ምስክር ነው፣ ግን እንጀራው እዚያው ስለሆነ ሊፈራ ይችላል፣ አትፍረጂበት። ፍርድ ቤት መጥሪያ ሲልክለት ግን የመምጣት ግዴታ አለበት፣ በፈቃዱ የመጣ ከሚመስል ይልቅ በመጥሪያ መቅረቡ ለእሱም ይሻለዋል። ያን ቀን አብራሽ በር ላይ የነበረች ባልደረባ ካለች ስሟን ያዢ። ድርጅቱ በጣት አሻራ ሰዓት የሚፈርም ከሆነ ደግሞ ክስሽ ላይ መዝገቡ ከተከሳሹ እንዲቀርብ ጠይቂ። እስከዚያች ቀን ድረስ በየጠዋቱ በሰዓቷ የገባች ሴት በድንገት አንድ ቀን ጠፋች የሚለው ታሪክ መዝገቡ ሲታይ ለዳኛው አይዋጥለትም።

ሁለተኛው መከራከሪያቸው ጉድለቱ ነው። እዚህ ጋ ሕጉ ለአንቺ አንድ ጠንካራ ነገር ሰጥቶሻል፣ ብዙ ሠራተኛም አያውቀውም። አሠሪ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችልበትን ጥፋት ካወቀ በኋላ እርምጃ መውሰድ ያለበት በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ነው። ካለፈው በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ቀሪ ይሆናል። ቆጠራው የተደረገው ከአምስት ወር በፊት፣ ከበር የመለሱሽ ከሁለት ወር በፊት። መሃሉ ሦስት ወር ነው። እነሱ «ያወቅነው ቆጠራው በተደረገ ቀን ሳይሆን የኦዲት ሪፖርቱ ሲደርሰን ነው» ይሉ ይሆናል፣ ያን ማስረዳት ግን የእነሱ ሸክም ነው። ስለዚህ የቆጠራውን ቀን የሚያሳይ ማንኛውንም ነገር ፈልጊ። የቆጠራ ቅጽ፣ የኮሚቴ ስም ዝርዝር፣ «ነገ ቆጠራ ስላለ በጠዋት ግቡ» የሚል የግሩፕ መልእክት እንኳ ይሁን።

ይህ የ30 ቀን ገደብ ባይኖር እንኳ ጉድለት ተገኘ ማለት አንቺ ወሰድሽ ማለት አይደለም። መጋዘኑን ስትረከቢ የርክክብ ሰነድ ነበር? ቁልፉ ስንት ሰው እጅ ነው? ቆጠራው ሲደረግ አንቺ ነበርሽ፣ ፈርመሻል? አንድ መጋዘን ሁለት ቁልፍ ኖሮት አንዱ የሽያጭ ክፍል ኃላፊው ጋ ከሆነ፣ ያለ ሞዴል (የዕቃ ገቢና ወጪ ቅጽ) ወጪ የሚደረግ ዕቃ ካለ፣ «ነገ ወረቀቱን አሟላለሁ» እየተባለ ዕቃ የሚጫን ከሆነ (የትኛው መጋዘን ነው የማይጫንበት!) ይሄን ሁሉ አሁን ትዝታሽ ትኩስ እያለ በወረቀት አስፍሪው። ከስድስት ወር በኋላ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ ለማስታወስ አትሞክሪ።

ፖሊሱስ? አቤቱታ ማቅረብ መብታቸው ነው፣ ልትከለክያቸው አትችዪም። ግን አስቢው፣ ሰረቀችን ብለው ያመኑባትን ሴት ሦስት ወር ሙሉ በመጋዘኑ ላይ ኃላፊ አድርገው ካቆዩ በኋላ ነው ፖሊስ ትዝ ያላቸው። ዛቻው የተነሳው ፊርማ ሲፈለግ ነው። የወንጀሉ መንገድና የሥራ ክርክሩ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን ፈርተሽ ሌላውን አትተዪ። ፖሊስ ከጠራሽ ቅረቢ፣ ከጠበቃ ጋር ቅረቢ። እውነቱን ለመናገር አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ፦ ስትከሺ እነሱም በዚያው መዝገብ የጉድለቱን ገንዘብ ክፈይ ብለው የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ ሊያመጡ ይችላሉ። ለዚህ ነው የርክክብ ሰነዱንና የቁልፉን ነገር ያጠበቅኩብሽ።

ሦስተኛው መከራከሪያ «የመጋዘን ኃላፊ» ከሚለው መጠሪያሽ የሚመጣ ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ስለዚህ ጠበቃቸው «እሷ የሥራ መሪ ስለሆነች በዚህ አዋጅ መክሰስ አትችልም» ብሎ መቃወሚያ ሊያነሳ ይችላል፣ ይህ በጣም የተለመደ ነው። አትደንግጪ። የሚታየው የወንበሩ ስም ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። ሠራተኛ ትቀጥሪ ነበር? ታሰናብቺ፣ ታዛውሪ ነበር? የድርጅቱን ፖሊሲ ታወጪ ነበር? ዕቃ ገቢና ወጪ የምታደርግ፣ ሁለት የጉልበት ሠራተኞችን የምታስተባብር፣ ፈቃድ ለመውጣት እንኳ ራሷ የምታስፈቅድ ሴት የሥራ መሪ አይደለችም። የሥራ መዘርዝርሽ ካለሽ አያይዢው።

እስቲ አሁን ሂሳቡን እንሥራ፣ ክሱ ያዋጣል ወይ የሚለውን። 12,000 ብር ለ30 ሲካፈል የቀን ደመወዝሽ 400 ብር ነው። ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወደ ሥራ ካልመለሰሽ፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ካሳው የቀን ደመወዙ 180 ጊዜ ተባዝቶ ነው፤ 72,000 ብር። በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ አለ። ከአንድ ዓመት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር ነው፣ 24,000 ብር። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ 12,000 ብር፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፣ ማለትም 4,000 ብር። ሦስት ዓመት ስለሆነ 12,000፣ ድምሩ 24,000 ብር። እስካሁን 120,000 ብር ደረስን። ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ተቀይሮ ይጨመራል፤ ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የተያዘው ደመወዝሽም አለ። ክፍያው ያለ በቂ ምክንያት ከዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ሊጨምርልሽ ይችላል፣ ይሄ ግን በዳኛው ውሳኔ ነው፣ በኪስሽ እንዳለ አትቁጠሪው።

ወደ ሥራ እንድትመለሺ ከተወሰነ ደግሞ ካሳው አይኖርም። ይልቁንም ያለ ሥራ የቆየሽበት ጊዜ ደመወዝ ይከፈልሻል፤ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ ስድስት ወር፣ ይግባኝ ተብሎ ውሳኔው ከጸና እስከ አንድ ዓመት። ዳኛው አንቺ ልመለስ ብትዪም እንኳ ግንኙነታችሁ ተበላሽቷል፣ ችግር ያስከትላል ብሎ ካመነ በካሳ እንድትለያዪ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ክሱ የሚጻፈው በአማራጭ ነው፦ ወደ ሥራዬ ይመልሰኝ፣ የተቋረጠ ደመወዜን ይክፈል፤ ይህ ከታለፈ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ክፍያና ስንብት ይክፈለኝ። ክስ ጸሐፊው አንዱን ብቻ ጽፎ ቢሰጥሽ አስተካክል በይው።

ክሊራንሱን በተመለከተ እዚህ ጋ እነሱ ትንሽ እውነት አላቸው። ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ሌላ ክፍያ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ነገር ግን ሠራተኛው በእጁ ያለውን የድርጅቱን ንብረት በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ከቆየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል። የመጋዘኑ ቁልፍ አሁንም አንቺ ጋ ነው ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ከሆነ አስረክቢ። ባዶ እጅሽን ግን እንዳትመለሺ፦ ቁልፍ ስንት፣ ማህተም ካለ ማህተም፣ ሞዴል ከቁጥር እስከ ቁጥር፣ መታወቂያ፣ ሁሉም ተዘርዝሮ ተረካቢ ይፈርምበት። አንረከብም ካሉ ሁለት ሰው ይዘሽ ሂጂና ያንኑ በደብዳቤ አሳውቂያቸው። ከዚያ በኋላ «ክሊራንስ» የሚል ሰበብ አይኖራቸውም። ለጉድለቱ ብለው ደመወዝሽን ሙሉ በሙሉ መያዝም አይችሉም፤ ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንቺ በጽሑፍ ከተስማማሽ ነው፣ ያም ቢሆን በወር ከደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

«ገንዘብሽን ትጨርሻለሽ» ላሉሽ ደግሞ ይሄን ንገሪያቸው። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት (የክስ መክፈቻ) ክፍያ አይከፍልም። አዲስ አበባ ስለሆንሽ የምትሄጂው ወደ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ወጪሽ ክስ ማጻፊያና ኮፒ ነው፣ ጠበቃ ካቆምሽ ደግሞ የእሱ ክፍያ። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። አቅም ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል፤ በተግባር መጥሪያ አልደረሰም፣ ምስክር አልመጣም እየተባለ ቀጠሮ ይገፋል፣ ለዚያ ልብሽን አዘጋጂ። ይግባኝ በ30 ቀን ነው። ሌላ ሥራ ካገኘሽም ግቢ፣ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ።

ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ማመልከት ትችያለሽ። አንዳንዴ ከዚያ የሚወጣ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ የተያዘ ደመወዝ ያስለቅቃል። የግል ስንብት ክርክር ላይ ፍርድ የሚሰጠው ግን ችሎቱ ነው። ስለዚህ እዚያ እየተመላለስሽ ወሩ እንዳያልቅ፣ ክሱን አስገብተሽ ጎን ለጎን ሂጂ።

በነገራችን ላይ፣ ድርጅቱ ጡረታ ይቆርጥልሽ ከነበረ (ከአንቺ 7 በመቶ፣ ከእነሱ 11 በመቶ ነው) ገቢ ማድረግ አለማድረጋቸውንም አጣሪ። ቆርጠው ያላስገቡ ከሆነ የራሱ መዘዝ አለው፣ ለድርድርም ያግዝሻል። የአገልግሎት የምስክር ወረቀትሽንም ክሱ ላይ ጨምሪ፤ የሥራሽን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ ወረቀት በነፃ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጉድለት አለብሽ ብለው ሊከለክሉሽ አይችሉም።

መጥሪያው ሲደርሰው ባለቤቱ ደውሎ «ምነው እህቴ፣ እንዲህ እንሆናለን?» ማለቱ አይቀርም። ሂጂ፣ ተነጋገሪ፣ እርቅ ጥሩ ነው። መዝገቡን ግን «መጀመሪያ ክሱን አንሺ፣ ከዚያ እንከፍላለን» ስላሉሽ እንዳትዘጊ። የተስማማችሁትን በጽሑፍ አድርጉት፤ ገንዘቡ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ የጉድለቱ ጥያቄ መቅረቱ፣ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት መስጠታቸው ሁሉ ይግባበት። ከዚያ ሁለታችሁም ችሎት ቀርባችሁ ስምምነቱ በመዝገብ እንዲጸድቅ ጠይቁ። እንዲህ ከሆነ ባይከፍልሽ በቀጥታ በአፈጻጸም ትጠይቂዋለሽ (ፍርድ ቤቱ እንዲያስከፍልልሽ ማለት ነው)፣ ክርክሩን እንደ አዲስ አትጀምሪም። «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካመጡ ደግሞ ብሩ አካውንትሽ መግባቱን በስልክሽ አይተሽ ነው እስክሪብቶ የምታነሺው።